ቀዷ የሌለው ጠብታ

ሰኞ

ዛሬም ጠዋት እምቢ አሉ። የጠብታዋን ጠርሙስ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ቀረሁ።

"ስንቴ ልንገርሽ ሰዓዳ? ምሬቱ ጉሮሮዬ ድረስ ይወርዳል። ረመዷን ነው፤ ጾሜን አላበላሽም" አሉ አባ።

እንደሚመራቸው አውቃለሁ። ሁልጊዜ ምራቃቸውን ውጠው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ዓይን ውስጥ የገባ ነገር እንዴት ጉሮሮ እንደሚደርስ ግን አይገባኝም።

ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ግላኮማ ነው፣ የዓይን ግፊት። የቀረችው የቀኟ ብቻ ናት፤ እሷንም የያዘቻት ይህች ጠብታ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት አንድ፣ ማታ ሁለት ሰዓት አንድ ተብለው ነው ከሆስፒታል የመጡት። አባ ደግሞ የተባሉትን ሰዓት አያዛንፉም፣ አሁን ጾሙ እስኪገባ ድረስ።

ማታ ካፈጠርን በኋላ "ሁለት አድርጊው" አሉኝ፣ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። "የጠዋቱንም ነው። ሶላት ሲያልፍሽ ቀዷ አውጥተሽ ትከፍይ የለ? ይኸም እንደዚያው ነው።"

ሁለት አደረግሁ።

ማክሰኞ

ደክሞኛል። አባ የሱቃችንን ጨርቅ በደንብ ስለማያዩት የምለካውም የምቆርጠውም እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት ለዚሁ ነው። ሰው ሲገባ ግን አሁንም አንገቴን እደፋለሁ።

በረንዳችን ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ይስማው እሳቸውም ሁዳዴ ላይ ናቸው። አባን በርጩማው ላይ እንቅልፍ ጭልጥ ሲያደርጋቸው አዩና "ሰይድ፣ ጾሙ ጣለህ እንዴ? ና ወደኛ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንለቅሃለን" አሏቸው።

"የእናንተማ ምኑ ጾም ነው! ከጾሙ ወፍረህ ነው የምትወጣ" አሉ አባ።

ሁለቱም ሳቁ። የአባ ሳቅ ግን መሃል ላይ ቀረ። ሊነሱ ሲሉ ግድግዳውን ያዙ።

ሰሞኑን ያየሁባቸው፦ እጃቸው ይቀዘቅዛል። ሲነሱ ያዞራቸዋል። ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ ያርፋሉ።

እማ "ጾሙ ነው" አለች። ይሆናል። ግን አምናም ጾመዋል። አምና ያልነበረው ጠብታው ነው።

ማታ እንደገና ሁለት።

ረቡዕ

ወደቁ።

ጠብታውን ካደረግሁላቸው በኋላ ለተራዊህ ሶላት ሊወጡ ሲሉ ደጃፉ ላይ ተዘረሩ። እማ ጮኸች። ጋሽ ይስማው ማሽናቸውን ሳይሸፍኑ ሮጠው መጡ። የአባን እጅ ይዘው የደም ሥሩን ፈለጉ።

"ኧረ ይች ልብ ምነው ቀስ አለችብኝ?" አሉ።

አባ ሲነቁ መጀመሪያ ያሉት "መድኃኒቱ ነው። ከእንግዲህ አልፈልገውም" ነው። ጠርሙሷን ከእጄ ነጥቀው ሊወረውሯት ሲሉ እማ ቀማቻቸው።

ከተዉት ያች አንዷ ዓይን ትሄዳለች። ካልተዉት ልባቸው። የቱን እንደምፈራ አላውቅም።

ሐሙስ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቁይ ተነስተን ማርቆስ ገባን። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደን ባጃጅ ውስጥ አባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሁለት ማድረጋችንን እንዳታወሪ። ሰው ፊት አታሳፍሪኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ።

የዓይን ዶክተሯ መልካም ሰው ናቸው። "ጠብታውን እንዴት እየተጠቀሙ ነው?"

"እንደታዘዝሁት።"

የአባን የልብ ምት በማሽን አነሱ። አስም አለብዎት ወይ ብለው ጠየቁ፤ የለም። ዶክተሯ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። "በታዘዘው ልክ ወስደው ልብዎ እንዲህ ከዘገየ መድኃኒቱ አይስማማዎትም ማለት ነው። ማቆም አለብን። ሌላው ዓይነት ደግሞ ለጊዜው እዚህ የለም።"

አባ ሊነሱ ሲሉ አየሁ። ያች ዓይን በዝምታችን ልትሄድ ነው።

"ሁለት ነው የማደርግላቸው" አልኩ።

"ምን አልሽ?" ዶክተሯ አልሰሙኝም። ደግሜ ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት፤ ጾሙን፣ ምሬቱን፣ ቀዷውን። አባ መሬት መሬት ያያሉ።

ዶክተሯ አልተቆጡም። "አባቴ፣ ጠብታዋ ዓይን ላይ ብቻ አትቀርም። በዓይን ጥግ ባለች ቀጭን ቀዳዳ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ትወርዳለች፤ ከዚያ ከደም ጋር ልብ ትደርሳለች። ልብን ታዘገያለች። ሲደረብባትማ ይባስ። ያለፈው ካለፈ ይለፍ፤ የሚቀጥለውን በሰዓቱ፣ አንድ ብቻ።"

ጣቴን ይዘው አሳዩኝ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ፣ አንድ ጠብታ፣ የጠርሙሱ አፍ ዓይን ሳይነካ። ዓይን ይከደናል። ከዚያ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ጫን አድርጎ ሁለት ደቂቃ ያህል መያዝ። ያን ጊዜ ወደ ጉሮሮም ወደ ልብም የሚወርደው ይቀንሳል።

"ሱሁር ስንት ሰዓት ነው የምትበሉ?"

"ሌሊት አስራ አንድ ሳይሞላ" አሉ አባ።

"የምታፈጥሩትስ?"

"አስራ ሁለት ተኩል ገደማ።"

"ታዲያ በሱሁርና በኢፍጣር ቢያደርጉት ምን አለበት?"

እኔና አባ ተያየን። ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት ስንል ይኸ አልታየንም።

ዛሬና ነገ ይረፍ፣ ቅዳሜ በሱሁር ጀምሩ ተባልን። በሳምንቱ ልባቸው እንደገና ይታያል። ያኔም ከዘገየ ሌላው ዓይነት ከየትም ተፈልጎ ይቀየራል።

ሚኒባስ ውስጥ አባ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ እሱንም ለመስኮቱ። "ለካ ቀዷ የለውም።"

ዓርብ

አያናግሩኝም። ውሃ ለውዱእ ሳቀርብላቸው ይቀበሉኛል፣ ያ ብቻ ነው። እማ "ተያቸው፣ ይበርዳሉ" ትላለች። ቀኑ አላልቅ አለኝ። አንዲት ሴትዮ ዋጋ ስትከራከረኝ ግን ቀና ብዬ "አይሆንም" አልኳት። ገዛች።

ቅዳሜ

በሱሁር ሳልጠራቸው መጡ። ፊታቸውን ወደ ላይ አደረጉ። አንድ። ጥጉን ጫን ሳደርግ የራሳቸውን ጣት አምጥተው "ተይው፣ እኔ ልያዘው" አሉ። ዓይናቸውን ከድነው ቆዩ።

"መረረዎት?"

ምራቃቸውን ዋጡ፣ አሰቡ። "ትንሽ... እንጃ። እንደ በፊቱ አይደለም።"

ረፋዱ ላይ ጋሽ ይስማው ከማሽናቸው ሳይነሱ "ሰይድ! ዛሬ ስንት ጠብታ ጠጣህ?" ብለው ተጣሩ።

"አንድ። ካላመንህ ልጄን ጠይቃት፣ እሷ እንደሁ አትደብቅልኝም።"

ልጄ ያሉኝን ያዝኩ። ሌላውን ተውኩት።

ከሰዓት ሲነሱ ግድግዳውን አልያዙም። ወይ እኔ ሳላይ ይዘው ይሆናል። ጠርሙሷን ለኢፍጣር ካቀረብኩት የቴምር ሳህን አጠገብ አስቀመጥኳት።