የአራት ሰዓት ቁልቁለት፣ የሰባት ሰዓት ዳገት

ጽጌዬ፣

ማክሰኞ ጠዋት ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው የእግር መንገድ አፍ ላይ ሰሌዳ ተተከለ። «ውሳኔ እስኪሰጥ ለተጓዦች ዝግ ነው» ይላል።

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልሽ የምለው አጥቼ አይደለም። በየቀኑ በልቤ ስነግርሽ ስለምውል ወረቀት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን ጽፌ ላየው የሚገባኝ ነገር መጣ። ዕድሜውን በጋዜጣ ቤት የጨረሰ ሰው አንድን ነገር ጽፎ ካላነበበው በቅጡ አይገባውም፤ ይህን አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሰብለ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታለች። ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ልጆችን ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጎረቤላ ትመጣለች፤ እንዳንቺው ገና ከመግባቷ የውሃውን በርሜል ከፍታ ታያለች። ከተከልሻቸው ሁለት የፖም ዛፎች ትንሹ ዘንድሮ አፈራ። ሰባት ፍሬ ነበር። ትንሽ ይብሰል ብዬ ስጠብቅ ጦጣ ቀደመኝ። ሽሮ መሥራት ተምሬአለሁ፤ ሰብለ ግን ቀምሳ «አባዬ፣ ይሄ ሽሮ ነው ወይስ ስለ ሽሮ የተጻፈ ዜና?» አለችኝ። የመንገድ ጫማሽ ከበሩ ጀርባ ነው። ሰብለ ለክታው ጠበባት። ለሰው እንስጠው ትላለች፤ እኔ መልሼ ከበሩ ጀርባ አስቀምጠዋለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። የምታውቂውንም ብደግመው ታገሺኝ፤ ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ አይያዝም።

ስንተዋወቅ አንቺ የጂኦግራፊ መምህር ነበርሽ፤ እኔ ከአዲስ አበባ የተላክሁ ወጣት ዘጋቢ። ስለ ጥንቱ የነጋዴዎች መንገድ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር፤ ቡና ወደ ባሕር ይወርድበት፣ ጨው ወደ ደጋ ይወጣበት ስለነበረው መንገድ። አባትሽን ከአጥራችሁ በር ላይ አግኝቼ አልዩ አምባ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቅኋቸው። በከዘራቸው ቁልቁል አመለከቱና «ይቺው ናት» አሉኝ። እኔ ሰነፉ ሁለት መታጠፊያ ወረድሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ተመለስሁ። በጋዜጣው ላይም ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ነው ብዬ ጻፍሁ። ብዙም ሳይቆይ የከተማ ጫማ ያደረጉ ሰዎች ጽሑፉን ይዘው መጡ፤ ገሚሶቹ የተመለሱት በእናንተ በቅሎ ጀርባ ነው።

ቀጥሎ ለአዘጋጁ የላክሽው ደብዳቤ ደረሰ። አንዱን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሌ እለዋለሁ፦ «ዘጋቢያችሁ አልዩ አምባ የደረሰው በእግሩ ነው ወይስ በአባቴ ምላስ?» አዘጋጁ አንድ ቃል ሳይነካ አተመው፤ እኔንም ይቅርታ እንድጠይቅ መልሶ ላከኝ። ይቅርታዬን የተቀበልሽው በእግሬ ነው። ቁልቁል አራት ሰዓት አስኬድሽኝ፤ በማግስቱ ሽቅብ ሰባት። ከአልዩ አምባ ገበያ የገዛሽልኝን ሎሚ እየመጠጥሁ ከኋላሽ ስወጣ፣ ይህችን ሴት ካላገባሁ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነበር ብዬ አሰብሁ።

አባትሽ ግን አልዋሹኝም ነበር። ያገራችን ሰው ለመንገደኛ መንገድ አያስረዝምም። በኋላ ስጠይቃቸው «ሩቅ ነው ብነግረው መንገዱ አይቀንስለት፤ ቅርብ ነው ካልሁት ጉልበት ይጨምርለታል» አሉኝ። ደግነት ነው። አንቺም ደግነት መሆኑን ታውቂ ነበር፤ የምትፈሪውም ስለዚሁ ነው። ከማስተማር ወጥተሽ መንገደኞችን ማውረድ ስትጀምሪ፣ አብረውሽ ለሚሠሩት ሁሉ የሰጠሽው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ይቺው ናት አይባልም» የሚል ነበር። ማንም አልሰማሽም። አንዳንዴ አንቺም ያመልጥሽ ነበር።

ነገሩን የቀየረው ባሕሩ ነው። ሥራ በቃኝ ባልሁ ዓመት፣ የመንገዱን ጭራ ሳላይ ራሱን ብቻ ለሰው እያሳየሁ አልኖርም ብለሽ ጅቡቲ ወሰድሽኝ። እስከ ድሬዳዋ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር። ባሕሩን ስታዪ ጎንበስ ብለሽ በእፍኝሽ ቀመስሽው፤ ፊትሽን አጨማደድሽና «አዎ፣ ጨው ነው» አልሽ፣ የአንድ ሙሉ ታሪክ ምስክር እንዳገኘ ሰው።

በማግስቱ በባሕሩ ጠረፍ ወዳለው ፓርክ ሄድን። ውሃው ሲሸሽ የባሕሩ ወለል ይገለጣል፤ በእግር እየተረገጠ ዛፎች በጨው ውሃ ውስጥ ወደ ቆሙባት ትንሽ ደሴት ይኬዳል። መሪያችን ቀጭን የአፋር ሰው ነበር፤ አማርኛ በመጠኑ ይችላል። ቅርብ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽው። ቅርብም ሩቅም አላለሽም። ሰዓቱን ከእጁ ፈቶ አሳየሽና «ሃምሳ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃምሳ ደቂቃ መመለሻ። ከዚያ ባሕሩ ይመጣል» አለሽ። ደሴቷ ላይ እግራቸው ቀይ የሆነ ወፎች፣ ከጭቃው ጉድጓድ ብቅ እያሉ የሚደበቁ ሸርጣኖች አየን። አንዱ የጫማሽን ማሰሪያ ይዞ አልለቅም ብሎሽ ተቀምጠሽ ሳቅሽ። ስንመለስ ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፎቶ ሲያነሳ ዘገየ፤ ውሃው ጉልበታችን ደረሰ። ሰውዬው ደንግጦ ቆመ። አንቺ ቀሚስሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ ተመለስሽ፤ እጁን ይዘሽ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ጮክ ብለሽ እየቆጠርሽ አወጣሽው። ዳር ስንደርስ ወደ እኔ ዞረሽ፣ ሰውዬውን ያራመደው ቁጥሩ ነው አልሽኝ። ቅርብ ነው ብትዪው ኖሮ አያምንሽም ነበር።

ጎረቤላ በገባን ሳምንት ነጭ ቀለም ገዛሽ። በመንገዱ ላይ አምስት ድንጋይ መርጠሽ በእያንዳንዳቸው ላይ ቁልቁል ስንት ሰዓት፣ ሽቅብ ስንት ሰዓት እንደቀረ ጻፍሽ። ከዚያ ወዲህ መሪዎቹ ሲጠየቁ ድንጋዩን ያሳያሉ። መዋሸትም ማሳዘንም ቀረላቸው።

አሁን የተፈጠረውን ልንገርሽ። ያሰለጠንሽው ሰይድ፣ የአልዩ አምባው፣ በየካቲት ወር በአንዱ እሁድ አራት ሰዎች ከላይ ይዞ ወረደ። ሁለተኛው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አንዷ ሴት ደክማ፣ ምሳ ወደሚበሉበት መስክ ስንት እንደቀረ ጠየቀችው። ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር። ሰይድ ፊቷን አየና አሳዘነችው። «ይቺው ናት» አላት። ቅርብ ከሆነማ ስንመለስ እንወስደዋለን ብለው ውሃቸውንና ካፖርታቸውን ድንጋዩ ሥር አስቀምጠው ወረዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሳሉ የበልጉ ጉም መጣ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የዘረጋሽውን እጅ አያሳይም። ሰይድ ባሉበት እንዲቆሙ አደረገ፤ ደግ አደረገ። ግን በረዳቸው። ሴትዮዋ ካፖርቷን ልታመጣ ስትነሳ አንሸራተታትና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። የታችኛው መንደር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ፀሐይ ሳትጠልቅ አወጧት። ደኅና ናት። ወንድሟ ግን መንገዱ ለሰው የሚሆን አይደለም፣ ለዘለቄታው ይዘጋ ብሎ ለአስጎብኚዎቹ ኮሚቴ አመለከተ። ከተዘጋ ተጓዡ ሁሉ በመኪና በኮረኮንቹ ይዞራል፤ ሰይድና ሌሎቹ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠሩ የጠየቀ የለም።

የሆነውን አጣርቼ እንድጽፍ ኮሚቴው ለመነኝ። ሰይድ ቤት መጣ። ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም፤ «እትዬ ጽጌ የከለከሉኝን ቃል ነው ያልኩት ጋሼ» አለኝ። ይህን ብጽፈው የመሪነት ባጁን ሊነጠቅ ይችላል። ባልጽፈው ጥፋቱ የመንገዱ ይሆናል። ሁለቱንም ነገርሁት። «ይጻፉት። ወላሂ፣ እሳቸው ቢኖሩ እኔኑ ነበር የሚያስጽፉኝ» አለ።

ጽጌዬ፣ እንዴት አድርጌ ልቆጣው? ያን የኅዳር ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስንወስድሽ ራስሽ ጭኔ ላይ ነበር። ከጎረቤላ የሚወጣውን ዳገት እንኳ አልጨረስንም ነበር። ስንት ቀረን ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ፣ ለአንድ ቁጥር ሦስት ሰው የምጠይቀው፣ «ይቺው ናት» አልሁሽ። ዓይንሽን ሳትገልጪ ፈገግ አልሽ። ልታርሚኝ ጉልበት አጥተሽ ይሆን ወይስ ለዚያች ቀን ብቻ ፈቅደሽልኝ፣ አላውቅም። ፈቅደሽልኝ ነው ብዬ ነው የምኖረው።

ሌላም የምናዘዝልሽ አለኝ። የሁለተኛው ድንጋይ ጽሑፍ ባለፈው ክረምት ታጥቦ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ሰብለ ቀለም እንቀባው ብላ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ዛሬ ነገ እያልሁ ተውሁት። ቀለም ስላጣሁ አይደለም። የእጅሽ ጽሑፍ ነው፤ በላዩ ሌላ እጅ እንዲያርፍበት አልወደድሁም። ድንጋዩ ቢነበብ ሰይድ ድንጋዩን ያሳይ ነበር። ይህንንም በሪፖርቱ ጽፌዋለሁ፤ ከሰይድ ስም በፊት የእኔ ስም ነው ያለው።

ትናንት ቅዳሜ በኮሚቴው ፈቃድ፣ ዓርብ ማታ ከገባችው ከሰብለ ጋር ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ወረድን። ጉልበቴ እስከ ሁለተኛው ድረስ ብቻ ነው የፈቀደልኝ። ሰብለ ብሩሹን ልትይዝ ስትል እኔ ልያዝ አልኋት። የሚታየውን ጥቂት መስመር እየተከተልሁ፣ የሁለት ቁጥርን አንገት እንዳንቺው ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ ጻፍሁት። ሦስቱን የታች ድንጋዮች ሰብለ ወርዳ ቀባች። ያን መንገድ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነው። ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ፣ ላብ በላብ ሆና፣ «እማዬ ይሄን በየሳምንቱ ነበር የምትወጣው?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ስታይ ቆየች።

አልረሳሽም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ማን ሊቆጣጠረኝ? ስለዚህ ሊታይ በሚችል ነገር ቃል ልግባልሽ። መንገዱ ቢከፈትም ባይከፈትም፣ ጉልበቴ እስካለ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ እስከቻልሁበት ድንጋይ ወርጄ ጽሑፍሽን አድሳለሁ። ከዚያ በታች ያለውን ሰብለ ተቀብላለች።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። ሦስቱ ይዘጋ ብለዋል፤ ሦስቱ ድንጋዮቹ በየዓመቱ ከታደሱና ሰይድ ለጊዜው ከሌላ መሪ ጋር ከሠራ ይከፈት ብለዋል። ሰባተኛው የአልዩ አምባው ሐጂ ኢድሪስ ናቸው። ሪፖርቴን ልጃቸው አነበበላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ በወረቀት አልፈርድም፣ በእግሬ ወጥቼ ካላየሁ ድምፅ አልሰጥም አሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መሪ ይመደብልዎ ሲባሉ ሰይድን ጠሩ።

ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳሉ። ውሳኔው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው።

ያንቺው