የላይኛው መቀርቀሪያ

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ ሰው የለም። ከተለዩን ዓመት ሊሞላ ነው። ለሙት ዓመትዎ ወንድሜ ደሳለኝ ከወልድያ ከነልጆቹ ይመጣል። እኔም ከጎረቤታችን ከእትየ ዘሃራ ጋር እህል መልቀም ጀምሬያለሁ። ፓፓያዋ ፍሬ ይዛለች። ፊት ለፊታችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ተጀምሮ አቧራው ሁሉ እኛ ቤት ገብቷል። እማዬ ብቻዋን እንዳትሆን የወልድያውን ስፌት ቤቴን ለቅቄ፣ የስፌት መኪናዬን ጭኜ መርሳ ገብቻለሁ። በረንዳው ላይ፣ አንቱ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ተክዬዋለሁ። ብርሃኑ እዚያ ስለሚሻል ነው እንጂ ቦታዎን ልወስድ ብዬ አይደለም።

የምጽፍልዎ ግን ስለ በሩ ነው።

በረንዳውን በአሉሚኒየምና በመስታወት ያስዘጉ ጊዜ ትዝ ይለኛል። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት በር በሰፈራችን የመጀመሪያው ነበር። ሰው ሁሉ እየመጣ ወዲህና ወዲያ ሲገፋው ዋለ። አንቱ በአንድ በኩል ኮርተው በሌላ በኩል ያጉረመርሙ ነበር። ሲያንኳኩት አይሰማ፣ ሰው ሲገባ አይጮህ፣ ይህ ምኑ በር ነው ይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለው ከሐዲዱ ውስጥ አሸዋውን በስንደዶ ይጭራሉ። ከእጀታው ሥር ያለችውን መቀርቀሪያ ግን ካልመሸ በቀር አይነኳትም። ሰው እቤት እያለ በቀን በር መቀርቀር ጎረቤትን አትምጡብን እንደ ማለት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሰፈሩም የሚያስበው እንደዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እማዬና አንቱ ከሰዓት በኋላ እየወጣችሁ መሄድ የጀመራችሁት። ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ ወደ ሲሪንቃ አቅጣጫ። ያየ ሁሉ ወሬውን ወልድያ ድረስ ያመጣልናል። ደሳለኝ የመርሳ ሙሽሮች የሚል ስም አወጣላችሁ። እኔም ስደውል መጀመሪያ የምጠይቅዎ ሙሽሮቹ ዛሬስ የት ዋላችሁ እያልኩ ነበር። አንቱ ይስቁና እናትሽ አየር መቀበል ለምዳለች ብለው ወሬ ይለውጣሉ። በስተርጅና የመጣ ፍቅር ነው ብለን ከደሳለኝ ጋር ስንት ቀን ተሳስቀናል። ለደንበኞቼ ሳይቀር ልብስ እየለካሁ አውርቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ ሳልነግራችሁ መጥቼ ከሚኒባስ ስወርድ መንገድ ላይ አገኘኋችሁ። አንቱ የመታጠቢያ ቤቱን ነጠላ ጫማ አድርገው ነበር። ትልቅ ሰው በነጠላ ጫማ አስፋልት ላይ ይወጣል እንዴ፣ ሰው እኮ ልጆች የሌላችሁ ይመስለዋል ብዬ ተቆጣሁዎ። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር እቤት ውስጥ ቆዳ ጫማዎን እንዳጠለቁ ነው የማገኝዎ። ምነው ብል እግሬን እየበረደኝ ነው አሉ። በመርሳ ሙቀት! እኔ ሞኟ ደግሞ አምኜ የሱፍ ካልሲ ገዝቼ ላክሁልዎ።

ለቅሶው አልፎ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ እማዬ ብድግ ብላ ወጣች። እትየ ዘሃራ ቤት ጎራ ያለች መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሲሪንቃ ሊደርስ ሲል መንገድ መሀል አግኝቷት ይዟት መጣ። ወዴት እየሄድሽ ነበር ብላት፣ አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ አለችኝ። እትየ ዘሃራ ይህን ሲሰሙ መጥተው ሁሉን ነገሩኝ። እማዬ መርሳት የጀመረችው አንቱ ሳሉ ነው። በድንገት ትነሳለች፤ አንቱም እግርዎ ያገኘውን ጫማ አጥልቀው ይከተሏታል። አይመልሷትም፣ እጇንም አይጎትቱም። እየተጫወቱ ጎኗ ሆነው ይሄዳሉ፣ ሲበቃት ራሷ ትመለሳለች። ልጆቹ ከሰሙ ሥራቸውን ጥለው ይመጣሉ፣ አደራ ብለው እትየ ዘሃራን አፋቸውን አስይዘዋቸው ነበር።

አንጀቴ ነው የተቃጠለው፣ አባባ። ሙሽሮች ስንልዎ አብረውን ይስቁ ነበር እኮ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ደክሞኛል ቢሉን?

ደሳለኝ ወዲያው መጣ። ይህ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ አንድ ቀን ሬሳዋን ነው የሚያመጡልሽ ብሎ ጮኸብኝ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ የጭነት መኪኖቹ እንዴት እንደሚበሩ ያውቃሉ። እኔም ዓይኔን መርፌ ላይ ተክዬ እሷን መጠበቅ አልሆነልኝም። ደሳለኝ ባለሙያ ጠርቶ በበሩ አናት ላይ፣ የእማዬ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ሌላ መቀርቀሪያ አስገጠመ። ትንሽ የብረት ዘንግ ናት። ወደ ላይ ሲገፏት ክፈፉ ላይ ካለው ቀዳዳ ትገባና በሩን ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ልዋሽዎ አልችልም። በዚያ ሳምንት ቀና ሳልል ሰፋሁ።

እማዬ የምታውቃት የታችኛዋን ነው። እሷን በትክክል ከፍታ በሩን ትስበዋለች፤ በሩ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ይቆማል። እንደገና ትስባለች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ሐዲዱን ትጠርጋለች፣ አሸዋ የያዘው መስሏት። ተነስታ ትስባለች። ወደ ላይ ቀና ብላ ማየት አንድም ቀን አልመጣላትም። በመጨረሻ መስታወቱ ላይ መዳፏን አድርጋ ትቆምና አላፊ አግዳሚውን በራሷ እየነቀነቀች ሰላም ትላለች።

አንድ ቀን ዞር ብላ፣ አባትሽ ናቸው፣ ከውጭ ቆልፈውብኝ ሄዱ አለችኝ።

መጀመሪያ የቅሬታ ያህል ነበር። እያደር ግን ቁጣ ሆነ። ከፎቶዎ ፊት ለፊት መቀመጥ ተወች፤ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ትሰጥዎታለች። ያን ያህል ዘመን አብሬያቸው ኖሬ እንደ ዶሮ ዘግተውብኝ ይሂዱ ትላለች። አባባ ሞተዋል ማለት አልቻልኩም፤ አንድ ጊዜ ብያት መርዶውን እንደ አዲስ ሰምታ አልቅሳለች፣ ድጋሚ እንዳላስለቅሳት ፈራሁ። እኔ ነኝ የቆለፍኩት ማለት ደግሞ አፈርኩ። ዝም ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ። በዝምታዬ አንቱን አስወቀስኩዎ።

ጎረቤቱም ቀረ። በሥራ ተጠምጄ ልብ አላልኩም ነበር። እትየ ዘሃራን ገበያ አግኝቼ ምነው ጠፉ ብላቸው፣ ወላሂ እኔስ ያስቀየምናችሁ መስሎኝ ነበር፣ በቀን የተቀረቀረ በር ላይ ምን ብዬ ልቁም ልጄ አሉኝ። ይዣቸው መጣሁ። እማዬ አጠገቧ አስቀምጣቸው፣ አያ እንዲህ አድርገውኝ ሄዱ እያለች ስለ አንቱ ትነግራቸው ጀመር። እትየ ዘሃራ ወደ በሩ አናት አዩ፣ ከዚያ ወደኔ አዩ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። በነጋታው ካቻቪቴ ተውሼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ መቀርቀሪያዋን ነቀልኳት።

ደሳለኝ እስከ ዛሬ በደንብ አያናግረኝም። አልፈርድበትም። አሁን እማዬ ስትነሳ እኔም እነሳለሁ። የያዝኩት ቀሚስ መርፌው ላይ እንደተወጋ ይቀራል፤ ደንበኞቼ ተነጫንጨው ግማሾቹ ሌላ ሰፊ ይዘዋል። አጣዳፊ ሥራ ያለ ቀን እትየ ዘሃራ ወይ ልጃቸው አብረዋት ይሄዳሉ። መንገዱ ዳር ማንጎ የሚሸጡትን ታያለች፣ የማሽላ ማሳውን ታያለች፣ የምታውቀው ይመስል ለሁሉም እንደምን ዋላችሁ ትላለች። የሆነ ቦታ ስትደርስ ትቆማለች፤ ትንሽ አሰብ ታደርግና ይበሉ እንግዲህ እንመለስ ትላለች። ይበሉ የምትለው ማንን እንደሆነ አልጠይቃትም። ይህን ሁሉ ከአንቱ ጋር ሆኜ ባየሁት ኖሮ እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ፣ እኔ በአንድ ጎኗ አንቱ በሌላው፣ ሦስታችን ሆነን ብንሄድ ምን ነበረበት።

ባለፈው ሳምንት፣ ልጇ መሆኔን ባወቀችበት ቀን፣ መንገድ ላይ ነገርኳት። እማ፣ በሩን የቆለፍኩብሽ እኔ ነኝ፣ አባባ የሉበትም አልኳት። ቆመች። ጉንጬን ዳበስ አደረገችኝና፣ አንቺማ ልጄ ነሽ አትቆልፊብኝም፣ አባትሽን መሸፋፈን ተዪ አለችኝ። በሌላ ቀንም ነገርኳት። ያንኑ መለሰችልኝ። የደሳለኝን ስም ረስታለች፣ ምሳ መብላቷን ትረሳለች፣ ቤታችንን አልፋ ልትሄድ ትላለች፤ ይህን ግን አልረሳችም።

ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ስምዎን እሷ ዘንድ ላጠራልዎ አልቻልኩም፣ የምችልም አይመስለኝም። ለሙት ዓመትዎ ሰው ሲሰበሰብ በሰው ፊት ታነሳው ይሆናል። ካነሳችው ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ። ካላነሳችውም እናገራለሁ፤ የልጅ ልጆችዎ አያታቸው በማያውቁት ነገር ሲወቀሱ እየሰሙ እንዲያድጉ አልፈልግም። እሷ የረሳችውን እኔ አስታውስልዎታለሁ። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ አንቱ አብረዋት ነበር የሚሄዱት።

ልጅዎ ትርንጎ