ለየውብዳር የተወጠረው ገመድ

ውድ ባሌ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። በሕይወት ሳለህ አንቱ ነበር የምልህ። ዛሬ ግን አንተ ማለት አሰኝቶኛል፤ ተነስተህ አትቆጣኝ።

ቤቱ ደህና ነው። በጓሮው ጌሾ ተክያለሁ፤ ቀዩ በሬ ስላረጀ ቡሬ ገበያ ወስደን ሸጥነው። ፍኖተ ሰላም የዳርናት ልጃችን ወንድ ወልዳለች፤ አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው። የውብዳርም ደህና ናት፤ መቼም ሳትጠይቀኝ አትቀርም። በወንድምህ ማሳ ላይ በቆሎዋ አምሮላታል።

መሬት ያካፈልክበት ቀን ትዝ ይልሃል? አገሩ ገመዱን ያስያዘህ እጁ አያዳላም ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ገመዱን ሲያይ እኔ አንተን ነበር የማየው። ለሌላው ላላ አድርገህ ለካህ፤ ባሏ የሞተባት የውብዳር ተራ ሲደርስ ግን ልኩ እንዲረዝምላት ጥርስህን ነክሰህ ወጠርከው። በዚያ ያተረፈችው መሬት ለአንዲት ዶሮ መጫሪያ አይበቃም። ቤት ገብተን ብነግርህ፣ ለብቸኛ ሴት ቢያዳሉ ጽድቅ ነው ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። እንዲያ ጥርስህን ነክሰህ ለእኔ ያደረግህልኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አጥሯ ሲወድቅ አንተ፣ ማረሻዋ ሲሰበር አንተ ሆንክ። ቆይታም የርስት ክርክር አነሳች። ሽማግሌዎቹ ትውልድ ሲያስቆጥሩህ አያቷን ከአያትህ ልጆች ጋር ቆጠርክላት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍም ማልክ። የጨመርከው አንድ ስም ብቻ ነበር። ድርሻዋ ከየት ይውጣ ሲባል ግን የታናሽህን የስሜነህን ማሳ አሳየሃቸው። አባት ሆነህ ያሳደግኸው ልጅ ሽንዲ ወርዶ የሰው መሬት በእኩል ማረስ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ገመድ ያዝልን ያለህ የለም። የጽዋ ማኅበርተኞችህም ተራችንን ዘለሉት። ከሰው ተለይተህ ግድግዳ እያየህ አለቅህ፤ ስሜነህም ሬሳህን አልተሸከመም። የማልከው በሐሰት መሆኑን የነገርከኝ ሕመሙ ሲጠናብህ ነው። ያን ጊዜ እንኳ የእሷን ስም ስትጠራ ድምፅህ ለስለስ አለ። ሰምቻለሁ።

አሁን ስሜነህ ክርክሩን እንደገና አንስቷል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ደጅ ላይ እንደቆመ፣ እትዬ፣ እውነቱን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር ማንም አልቀረም አለኝ። ብናገር አንተ በሐሰት የማለ ልትባል ነው፤ ልጃችንም ልትሰማ ነው። ዝም ብል ደግሞ ስሜነህ የሰው እኩል አራሽ ሆኖ መቅረቱ ነው። ብዙ አሰብኩበት።

ሰኞ ፍርድ ቤት ቆሜ እናገራለሁ። ለስሜነህ ብዬ ነው እላቸዋለሁ፤ ሁሉም ያምኑኛል። አንተን ግን አልዋሽህም፤ የውብዳር ማሳውን ስትለቅ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ።

ስምህን ከጸሎቴ አላጎድልም፤ ሙት ዓመትህንም እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አስባለሁ። በቀብርህ ዕለት በለቅሶ በልጣኛለች። አንተን በማስታወስ ግን አትበልጠኝም።

ሚስትህ ጥሩነሽ