የተቀባው ማደሪያ

ሚያዝያ 6
ዘንቦ አደረ። ጠዋት የሴቶች ማደሪያውን ለጽዳት ስከፍት በየኮሪደሩ አሥራ አንድ ባልዲ ሞልቶ ጠበቀኝ። ደፍቼ መለስኩ። ሃያ ሁለት ቁጥር ውስጥ ስምንት ልጆች ይተኛሉ፤ የተሠራው ለአራት ነው። የግድግዳው ስንጥቅ ዘንድሮ ጣቴን ያስገባል። አምና ጥፍሬን ብቻ ነበር።
ከሕንፃ ክፍል ቅርጫት የተጣለ ወረቀት አገኘሁ። እንደ ልማዴ ይዤ ገባሁ... ማንበብ የተማርኩትስ ከዚሁ ቅርጫት አይደል? ዩኒቨርሲቲው ለመንግሥት የሚያቀርበው የግንባታ ጥያቄ ነው። አንደኛ ቤተ መጻሕፍት። ሁለተኛ ቤተ ሙከራ። ሦስተኛ አዲስ የሴቶች ማደሪያ። ሦስተኛም ቢሆን ተጽፏል። ሁለቴ አነበብኩት።

ሚያዝያ 9
የበጀት ኮሚቴ ሊጎበኘን ነው፤ በአሥር ቀን ውስጥ። ጋሽ ሜትር ሰብስቦ ነገረን። የሕንፃ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሜትር ከእጁ ስለማይለይ ስሙን ልጆቹ ናቸው ያወጡለት። ዘንድሮ ካልተፈቀደ አምስት ዓመት መጠበቅ ነው አለ።
ያ ግድግዳ አምስት ዓመት ይጠብቃል?

ሚያዝያ 13
ቀለም ቀቢዎች ገቡ። ስንጥቁን በጂፕሰም ሞሉት፣ ላዩን ነጭ ቀቡት። የኮርኒሱን እድፍም እንደዚሁ። ባልዲዎቹ ዕቃ ቤት ይግቡ ተባለ።
ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጋሽ ሜትርን ጠየቅኩት።
“አለቃ፣ ይሄን ካሳመርነው አዲሱን ለምን ይሰጡናል?”
ሳቀ። “እንግዳ ሲመጣብሽ ገመናሽን ነው የምታሳዪው? ዝርክርክ ናቸው ካሉ ማን ያምነናል? የተሰጠውን በወጉ ለያዘ ነው የሚጨመርለት።”
እውነቱን ይሆን? እኔም ሰው ሲመጣብኝ የተቀደደውን አንሶላ ከሥር አይደል የማነጥፈው?

ሚያዝያ 18
ነገ ነው። ከየክፍሉ ግማሹ አልጋ ወጣ። ትርፍ የተባሉት ልጆች ጉብኝቱ እስኪያልቅ ድረስ ድርሽ እንዳይሉ ታዘዙ። የሕግ ተማሪዋ፣ ጠበቃዋ የምንላት፣ ፍራሿን ተሸክማ ስትወርድ፣ “እትዬ፣ እኛንስ አንድ ዙር አይቀቡንም?” አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሚያዝያ 19
አምስት ሆነው መጡ። ሰብሳቢዋ ረጅም ሴት ናት፣ ወሬ አታበዛም። ሃያ ሁለት ቁጥር ገቡ። አራት አልጋ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛ ላይ አበባ። አበባውን ማን እንዳመጣው እንኳ አላውቅም።
ሰብሳቢዋ ወደኔ ዞረች። “እህቴ፣ እዚህ ስንት ልጆች ናቸው የሚተኙት?”
ጋሽ ሜትር ቀደመኝ። አራት አለ። ዓይኗ ግን ከኔ ላይ አልተነሣም። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ።
በቃ፣ ነቀነቅኩ።
ሲወጡ፣ “ከኛ መሥሪያ ቤት ይሻላል እኮ” አለች። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጋሽ ሜትር ነው።

ሚያዝያ 20
አልጋዎቹን መለስን። ባልዲዎቹንም ከዕቃ ቤት አወጣሁ።

ግንቦት 8
መልስ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ተፈቅዷል፣ ቤተ ሙከራው በከፊል። ማደሪያው... “ነባሩ ሕንፃ በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አሁን አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።”
ጋሽ ሜትር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። “ጎበዞች ነን፣ አይደል?” አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ቢሉ ለኛ ነው።
ቅሬታ ለማቅረብ አሥር ቀን ተሰጥቷል። ከላይ ያሉት የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ግን አይሆንም አሉ። መልካም ነው ብለን ያሳየነውን ምን ብለን እናፍርስ፣ ውሸታም መባል ነው፣ አሉ።

ግንቦት 11
ዘነበ። ውሃው ከቀለሙ ሥር ገብቶ ግድግዳው እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። የጂፕሰም ቁራጭ ወርዶ የጠበቃዋ ትራስ ላይ አረፈ። እሷ ጥርሷን ልትቦርሽ ወጥታ ነበር።
አንድ ኮሪደር ሦስት ጊዜ ወለወልኩ። መቀመጥ አቃተኝ።

ግንቦት 12
ጻፍኩ። ቀደድኩ። ጻፍኩ። አራተኛውን አልቀደድኩትም። “በሃያ ሁለት ቁጥር የሚተኙት ስምንት ናቸው። አራት ነው ሲባል አንገቴን የነቀነቅኩት እኔ ነኝ። ግድግዳው የዳነ መስሏችሁ ከሆነ የተቀባ ነው።” ስሜንና ሥራዬን ከታች አኖርኩ።
ከመውሰዴ በፊት ለጋሽ ሜትር አሳየሁት። እሱ ሳያውቅ መላኩ አስጠላኝ። ቆሞ አነበበው። ገጹን ገለበጠ፣ ጀርባው ባዶ ነው፣ መልሶ አነበበው።
“እኔን አልጠቀስሽም።”
“የነቀነቅኩት እኔ ነኝ፣ አለቃ።”
“ከሥራ ቢያባርሩሽስ?”
ወረቀቱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። እጁ ላይ ትንሽ አቆየውና መለሰልኝ። በእግሬ ሄጄ ለኮሚቴው መዝገብ ቤት ሰጠሁ።

ግንቦት 20
ሳይነግሩ መጡ። ሰብሳቢዋና አንድ መሐንዲስ። ልጆቹ አልጋ ላይ፣ ልብስ ገመድ ላይ፣ ባልዲው በየቦታው። መሐንዲሱ በመዶሻ ጫፍ ነካ ቢያደርገው ጂፕሰሙ ዘጭ አለ። ሰብሳቢዋ ማንንም አልጠየቀችም፣ ቁጭ ብላ አልጋ ቆጠረች።
ጋሽ ሜትር በር ላይ ቆሞ ነበር። መሐንዲሱ የስንጥቁን ርዝመት ሊለካ ሲታገል ገባና ሜትሩን አውጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘለት።

ሰኔ 3
ማደሪያው ያሰጋል ተብሎ ታሸገ። አዲሱ ለከርሞ በጀት አንደኛ ተራ ይያዝለታል ተብሏል። ተብሏል ነው እንግዲህ... ጋሽ ሜትር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ለኔም አንድ ደረሰኝ። ሰላምታ አልነፈገኝም፣ ግን አጭር ሆኗል።
ልጆቹን ስፖርት አዳራሽ አስገቡልን። መቶ ሰባ ስድስት ፍራሽ መሬት ላይ። መታጠቢያው ሦስት ብቻ፣ ወረፋው አያልቅም። እዚህ ያመጣኋቸው እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ጠበቃዋ፣ “እትዬ፣ ያ ግድግዳዎ እኮ እስካሁን ቆሟል። ወገቤ ነው የወደቀው” አለችኝ። አንዷም አልሳቀችም።
እውነቷን ነው፣ ቆሟል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። አንዳንዴ ውደቅልኝና ገላግለኝ እለዋለሁ። ወዲያው ደግሞ እደነግጣለሁ። ባይወድቅስ? አምስት ዓመት ቢቆምስ? ያን ጊዜ ምን ልላቸው ነው?
አመሻሽ ላይ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩብኝ፣ አንዷ ቀና ብላም አላየችኝ።
መቶ ሰባ ስድስት። አኩርፈዋል፣ ግን አሉ።