አውቀነዋል

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ዝናብ። ልብስ አጥቤ ኩሽና ውስጥ አሰጣሁ። አይደርቅም፣ አውቃለሁ።

ከሰዓት ኤኒድ ጋ ሄድኩ። ሆስፒታላችን ትንሽ ናት፤ ከቤቴ ዳገቷን መውጣት ብቻ ነው። ያው አልጋ፣ ያው ባሕሩ የሚታይበት መስኮት። ቀኝ እጇ አሁንም አይታዘዝላትም። ምላሷን ግን ስትሮኩ አልነካውም።

«ቁልፎችሽን አዛንፈሽ ቆልፈሻል» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እህትሽ ነኝ እንጂ ተማሪሽ አይደለሁም።»

«ተማሪዬ ብትሆኚማ ኮት መቆለፍ ታውቂ ነበር።»

ሳቀች። አሁን የምትስቀው በአንድ ጎን ብቻ ነው።

የተጠበሰውን ዳቦ ጠርዙን ቆርጬ፣ ማርማላታ ቀብቼ አጎረስኳት። ጠርዙ ካልተቆረጠ አትነካውም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት። ነርሶቹ ትሪውን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሲመለሱ እንዳለ ያነሱታል። ክፉ ሆነው አይደለም... ስንቱን ያጉርሱ? ቢንሲ የምትባለዋ ብቻ አንዳንዴ ቁጭ ትልላታለች።

እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ እናታችንን ሳስታምም ቀረሁ። እሷ አስተማሪ ሆነች። እኔ ዓሣ ፋብሪካ ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ልጅ ከሚመስል አስተማሪ ፊት። ይቅር ብያታለሁ? እንጃ። አጎርሳታለሁ ግን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

የጉባኤው ወረቀት በፖስታ መጣ። ወፍራም ነው። ሸርሊ ጎረቤቴ በአጥሩ በላይ አየችኝ።

«ይኸውልሽ፣ ሚኒስትራችን! ዛሬም ደመወዝ አልላኩልሽም?»

«የአውቶቡስ ይሰጣሉ።»

«ሥራሽ ግን ምንድነው በእውነት?»

ምን ልበላት? የሃልስዊክ ሕዝብ መርጦናል፣ እኔንና ኖርማንን። ሆስፒታሎቹን የሚመሩት ሰዎች ምን እንደሚሠሩ እንጠይቃለን፤ ሕዝቡ የሚለውን እንነግራቸዋለን። እንዲያ አልኳት።

«ይሰሟችኋል?»

«ሻይ ይሰጡናል» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ወረቀቱን አነበብኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንዷን ሳልዘል። አጀንዳ ሰባት... የሃልስዊክ ዋርድ፣ የሆስፒታላችን የተኝቶ ሕክምና ክፍል፣ ከዲሴምበር ጀምሮ ተዘግቶ ሕሙማኑ ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ይዛወራሉ። የሠራተኛ እጥረት ነው ምክንያቱ። ሦስት ጊዜ ተመለስኩበት። ያለው ያንኑ ነው።

ኤኒድ ያለችበት ዋርድ ነው።

ለእሷ ላሳያት? ልታርመው ቀይ እስክሪብቶ ትጠይቀኛለች። የእኔ ወረቀት ነው፣ እኔን ነው ሕዝቡ የመረጠው። በራሴ እጨርሰዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ስብሰባ ዋልኩ፣ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ። ሁለት አውቶቡስ። ኖርማን አጠገቤ ተቀመጠ። ድሮ በዚሁ መስመር ሹፌር ነበር፣ አሁንም በየማቆሚያው ስለ ሹፌሩ ያማርራል። ስብሰባው ላይ ከሻዩ ጋር የቀረበውን ብስኩት በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ለውሻዬ ነው» አለኝ።

ውሻ የለውም።

በእያንዳንዱ አጀንዳ አጠገብ ቃል ተጽፏል። አንዳንዱ «ለመወሰን» ይላል፣ አንዳንዱ «ለመወያየት»። አጀንዳ ሰባት አጠገብ «ለማወቅ» ይላል። እጄን አወጣሁ።

«እዚህ ሲመጡ ማን ያጎርሳቸዋል?»

ሰብሳቢው ሚስተር ኦልድሮይድ መነጽራቸውን አወረዱ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። «ሚስስ ትሬልኬልድ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሄኛው ግን ለማወቅ ብቻ የቀረበ ነው። ጥያቄዎቹን መጨረሻ ላይ እናያለን።»

መጨረሻ ላይ ሰዓት አለቀ።

«እንግዲህ አውቀነዋል?» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ጮክ ብዬ «አውቀነዋል» አልኩ።

መጀመሪያ ይታወቃል፣ ቀጥሎ ይወሰናል... እንዲያ ነው የገባኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ለመወሰን» ተብሎ ይመጣል፣ ያኔ ለሕሙማኑ እቆምላቸዋለሁ። የምለውን ከአሁኑ እጽፈዋለሁ።

ደግሞ ቃሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ማወቅ። ዕድሜዬን ሙሉ የተነፈግኩት ነገር። ማወቅ ማንን ገድሎ ያውቃል?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

ዓሣ መጥበሻው ቤት ተሰልፌ ነበር። ሸርሊ ጋዜጣ ይዛ ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንቺ! ለእኛ ይናገራሉ ብለን ነው የመረጥናችሁ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ዋርዱን ዘጋችሁት እኮ!»

«ገና ነው ሸርሊ፣ አልተወሰነም...»

«'የሕዝብ ተወካዮቹም ዝውውሩን አውቀውታል፤ ተቃውሞ አልቀረበም' ይላል። በትልቁ። አውቀሻል ወይስ አላወቅሽም?»

«አውቄያለሁ፣ ግን...»

«በቃ! ሌላ ምን ቀረ?»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጠባሹ ሳይቀር ማንኪያውን ይዞ ቆመ። ያዘዝኩትን ሳልወስድ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ሚስተር ኦልድሮይድን በስልክ አገኘኋቸው። ስንት ቀን ስደውል ከርሜ።

«ውሳኔው የቦርዱ ነው ሚስስ ትሬልኬልድ። የእናንተ ጉባኤ እንዲያውቀው ቀረበ፣ አወቀው።»

«እኔ አወቅሁ ስል ተስማማሁ ማለቴ አልነበረም።»

«አይደለምም እኮ» አሉ። «ግን አልተስማማሁም ማለትም አይደለም።»

ታዲያ ምን ማለት ነው? አልጠየቅኩም። አመስግኜ ዘጋሁ። አመሰገንኩ! ለምን?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ለኤኒድ ነገርኳት። ወረቀቱንም ሰጠኋት። በግራ እጇ ይዛ ብዙ አነበበች። ቀይ እስክሪብቶ አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«ማቪስ፣ እዚህ ጋ 'ለማወቅ' ይላል።»

«አይቻለሁ።»

«እንዲህ ሲሉ አልቋል ማለታቸው ነው። ስንቱን ትምህርት ቤት የዘጉት በዚህች ቃል ነው። እኔ ራሴ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«መቼ አሳየሽኝ?»

ባሕሩ ላይ አንድ ጀልባ ነበረ፣ እሱን አየን። በኋላ «ዳቦውን ስጪኝ እስቲ» አለች። ርቧት አልነበረም። ስለ እኔ ብላ ነው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ወሰዷት። አምቡላንሱ ውስጥ ሲያስገቧት ቢንሲ የሻይ ኩባያዋን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ሰማያዊውን፣ ከቤት የመጣውን።

«እማማ ማቪስ፣ ስለ ዳቦው በወረቀት ጽፌላቸዋለሁ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እሷንም ሌላ ቦታ መድበዋታል።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ ሊፍት፣ ከዚያ ሌላ ኮሪደር። መስኮቷ ከግንብ ጋር ተፋጥጧል። ትሪው እንደመጣ ተቀምጧል፣ ሾርባው ላዩ ረግቷል።

«አልበላም አለች» አለችኝ ነርሷ። ልጅ ናት፣ ላብ አጥምቋታል።

«ጠርዙን ቆርጣችሁላታል?»

«የምኑን ጠርዝ?»

ኩባያውስ? የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

አጎረስኳት። ሁለት ጉርሻ ብላ ፊቷን አዞረች። «ምን ታያለሽ?» አልኳት። «ግንብ» አለችኝ። «ደህና ግንብ ነው። በደንብ ተለስኗል።»

ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

በረዶ። አውቶቡሱ አልወጣም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

ዛሬም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 19

በጣም ከስታለች። የእጇ አጥንት... ሐኪሙ ሳንባዋን ብርድ መትቶታል አለኝ። መብላት ብትችል ትቋቋመው ነበር አለ። እንዲሁ ነው ያለው፣ ለወሬ ያህል።

ማርማላታ በማንኪያ ይዤላት ነበር። ከንፈሯን አስነካኋት፣ ላሰች።

«ትዝ ይልሻል» አለችኝ፣ ድምፅ የላትም፣ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት፣ «ከትምህርት ቤት ስመጣ... መስኮቱ ላይ ሆነሽ ትጠብቂኝ ነበር።»

«ትዝ ይለኛል።»

«ምን ተማርሽ ትይኝ ነበር። ምንም እልሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ላስተምርሽ እችል ነበር። ያኔም።»

ስጠብቀው የኖርኩት ነገር መጣ፣ ስሰማው ግን አልፈለግኩትም። «ተኚ» አልኳት። የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ተነሳሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 22

ጠዋት ስልክ ተደወለ። ኤኒድ አርፋለች።

እሑድ ነው። እሑድ አውቶቡስ የለም። ኮቴን ለብሼ መንገዱ ላይ ቆምኩ፣ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ። ሸርሊ መኪናዋን አስነስታ መጣች። በሩን ከፈተችልኝ። ሆስፒታሉ ድረስ ወሰደችኝ።

ኩባያውን በከረጢት አድርገው ሰጡኝ። ተገኝቷል ለካ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

ስብሰባ። ሸርሊ «ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?» ብላኝ ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

ሚስተር ኦልድሮይድ በር ላይ ጠብቀውኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እህትዎ ማረፋቸውን ሰማሁ። በጣም አዝኛለሁ።» የምራቸውን ነው፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ያ ነው ያናደደኝ።

አጀንዳ አራት... ባዶ የሆነው የሃልስዊክ ሆስፒታል ሕንፃ ይሸጣል። አጠገቡ ያችው ቃል።

«እንግዲህ አውቀነዋል?»

«አላውቀውም» አልኩ።

«ሚስስ ትሬልኬልድ፣ ወረቀቱ አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ያውቁታል።»

«አላውቀውም። የሃልስዊክ ሰው አያውቀውም። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያ ብላችሁ ጻፉ።»

«እንዲህ ያለ አጻጻፍ የለንም እኮ...»

ኖርማን ብስኩት አፉ ውስጥ እንዳለ «እኔም አላውቀውም» አለ። ፍርፋሪው ወረቀቱ ላይ ተረጨ። ማንም አልሳቀም።

ጸሐፊዋ ሚስተር ኦልድሮይድን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ስምዎ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ። ፊደል በፊደል ነገርኳት። አልተሳሳትኩም።

ሕንፃው ግን ይሸጣል። ሁለት ሰው አላወቀውም ብለው ሊተዉት ነው?

ማታ ቤት ገባሁ። ዳቦ ጠብሼ ጠርዙን ቆረጥኩ... እኔ ጠርዝ እወዳለሁ እኮ። ቁጭ ብዬ ጠርዙን በላሁ። መሐሉ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ኮቴን ላወልቅ ስል ነው ያየሁት። ቀኑን ሙሉ ቁልፎቹን አዛንፌ ቆልፌ ነው የዋልኩት። በአውቶቡስ፣ በስብሰባው፣ ሁሉም ሰው ፊት።

የነገረኝ የለም።