የነብሩ ስፌት

ሐሙስ

ያ ነብር ሬሳ ነው! ስካነሩ ፊት ብቻዬን ጮህኩ።

ዛሬም የመስታወት ኔጋቲቭ ስካን ሳደርግ ዋልኩ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ አገር የተነሡ የዙ፣ የእንስሳት ማሳያ ፎቶዎች ናቸው። ዝሆን፣ ጉማሬ፣ ጦጣ፣ ከዚያ ይሄ ነብር። ሙዚየማችን «ነብር በሕይወት ሳለ፣ ከጠባቂው ጋር» ብሎ መዝግቦታል። የድሮ ካሜራ ቀርፋፋ ስለነበር፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ያልተንቀሳቀሰ ነገር ብቻ ነው። የጠባቂው እጅ ጭስ መስሏል። የነብሩ ጢም ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዓይኑ ፈጦ፣ ጆሮው ቆሞ፣ ንቅንቅ የለም! ዙም ባደርገው ሆዱ ሥር ስፌት አለ፤ ቆዳው ተሞልቶ የተሰፋ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ለሰናይት ነገርኳት። «ነገ ለካረን እናሳያታለን» አለችኝ። ካረን አለቃችን ናት። ሁለታችንም ጊዜያዊ ነን፤ ፐርማነንት የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰናይትን እዚህ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የቸርች እህቴ ናት።

ዓርብ

ፖላሪስ ያለው ክሊኒክ ጥርሴን ስታከም አርፍጄ ገባሁ። ካረን ለሁሉም ኢሜይል ልካለች፤ ሰናይት አስደናቂ ነገር አገኘች ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ስሜ የለም።

ምሳ ላይ ሰናይትን ጠየቅኳት። «ኧረ አልምዬ፣ ካረን ናት ያጋነነችው። ሰኞ አስተካክለዋለሁ» አለች። ሳምቡሳዋን አካፈለችኝ። እኔ ደግሞ በደነዘዘ አፌ በላሁላት። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

እሑድ

ምስክርነት ላይ ሰናይት ማይክ ያዘች። «ሌላው ያላየውን ጌታ ዓይኔን ከፍቶ አሳየኝ! ዓርብ ማታ ካረን ኮል አድርጋ ፐርማነንት ሆነሻል አለችኝ!» ቸርቹ በእልልታ ቀለጠ። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ብርቄ በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ «እልል በይ እንጂ፣ ጓደኛሽ አይደለችም?» አሉኝ።

እልል አልኩ። እኔን ትስረቀኝ፣ ጌታን ምን ብላ አስገባችው?

ሰኞ

ጠዋት ቴክስት አደረገችልኝ። «አልምዬ፣ እንግዶች ነብሩን ሊያዩ ሊመጡ ነው። የጠባቂው እጅ ለምንድነው ጭስ የሆነው ያልሽኝ?»

«ያሳየሽን ጠይቂው» ብዬ መለስኩላት። ደስ አለኝ፤ ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት እንግዶቹ መጡ። አንድ ሽማግሌ ሰናይትን እንዴት እንዳወቀች ጠየቋት። ግንባሯ በላብ ወረዛ። ወደ እኔ አየች። አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ እጁንም፣ ጢሙንም፣ ስፌቱንም አስረዳሁ።

ካረን አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየችና «መጀመሪያ ያየው ማነው?» አለች።

«አብረን ነው ያየነው» አለች ሰናይት፣ ፈገግ ብላ።

ስላዳንኳት እንኳ ግማሹን ነው የመለሰችልኝ። ያን ጊዜ አንጀቴ ቁርጥ አለ። እስከዚያ ድረስ ታፍራለች ብዬ ስጠብቅ ነበር።

ካረን ነገ ጠዋት ለብቻዬ ቢሮዋ እንድመጣ ነግራኛለች። እውነቱን ከተናገርኩ ሰናይት ሥራውን ታጣ ይሆናል። በዚህ ከተማ የእሷን ያህል የቀረበኝ ሰው የለም። ቢሆንም መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ «እኔ ነኝ ያየሁት፤ ብቻዬን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ተለማመድኩት። በአራተኛው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።