የአባዬ ጆሮ

የካቲት 3
ዛሬም የውኃ ወረፋ። የደጀን ነፋስ አይጣል ነው። ከወለጋ ተፈናቅለን እዚህ መጋዘን ከገባን ዘጠኝ ወር ሆነን። አስተባባሪያችን አስማማው፣ ወታደር ሐኪሞች በፈቃዳቸው መጥተው ሊመረምሩን ነው አለ። ወታደር እንዴት አድርጎ ይመረምራል? እያሰለፈ?... ለማየት ጓጓሁ።

የካቲት 6
መጡ። ስድስት ናቸው። ከደንብ ልብሳቸው ላይ ነጭ ጋዋን ደርበዋል። አንዷ ሴት ናት፣ ሻምበል መቅደላዊት። ግፊቴን ለካችኝ፤ ደህና ነው። ለምን እንደመጣች ጠየቅኳት። ስምንት ዓመት ሙሉ ያከምኩት ወታደር ብቻ ነው አለችና ሳቀች።

አባዬ አልመረመርም አሉ። ከሽሽቱ ወዲህ ጆሯቸው አይሰማም። ድንጋጤ ነው ብለን ትተነዋል። እውነቱን ልጻፈው... እኔን ጠቅሞኛል። ወንድሜ መሳፍንት ከኋላችን ሲመጣ መንገድ ላይ መሞቱን አልነገርኳቸውም። ሥራ ፍለጋ ሄዷል ብዬ በእጄ አሳየኋቸው።

የካቲት 7
ሻምበሏ አባዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። መብራት ያላት ትንሽ ዕቃ አወጣች። መጀመሪያ የእኔን ጆሮ አየች፣ እሳቸው እያዩ። ከዚያ ፈቀዱላት።

"ኩክ ነው የደፈነው" አለች።

ኩክ? ዘጠኝ ወር ሙሉ?

ጠብታ ሰጠችኝ። ለሦስት ቀን ጨምሪላቸው አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ፈራሁ።

የካቲት 8
ጠብታውን ይዤ ቆምኩ። ባልጨምርስ ማን ያውቃል?...

ጨመርኩ።

የካቲት 10
ለብ ባለ ውኃ አጠበችላቸው። ወጣ። ጥቁር፣ ባቄላ የሚያክል። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። አባዬ ደንግጠው ዞሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ድምፅ ምንድን ነው እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ።

የካቲት 11
ቁርስ ላይ፣ "መሳፍንትስ?" አሉኝ።

እጄን ላነሳ ስል ያዙኝ። "በአፍሽ ንገሪኝ ልጄ።"

ነገርኳቸው። እጄን አልለቀቁም።

"ሰው ሊያጽናናሽ ሲመጣ እመለከት ነበር። ዓይኔ መች ታመመ?"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ? አልኳቸው። ለእኔ ብለሽ ስትደበቂ ምን ልበልሽ አሉ።

የካቲት 14
ዛሬ ለመሳፍንት ልቅሶ ተቀመጥን። አስማማው መጣ። የመጋዘኑ ሰው ሁሉ መጣ። እስከዛሬ የማለቅሰው ሽንት ቤት ገብቼ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ ነበር። ዛሬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አባዬ እየሰሙኝ።